ከመርዶው በፊት አሥራ ሁለት ቀን

ኦክላንድ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ አክሊሉ
ሳን ሆዜ

ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርምና ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ ብዬ ግን አልጠይቅም። የሚጠይቅዎት ሌላ ሰው አያጡም።

በወረቀት የምጽፈው ስልክዎን ብሎክ ስላደረግሁት ነው። የተዉልኝን አሥራ አንድ ቮይስሜይል ሳልሰማ አጥፍቻቸዋለሁ። ድምፅዎን መስማት አልፈልግም። ወረቀት ቢያንስ ሲያናድደኝ ልቀደው እችላለሁ።

ሰኔ 22 ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ አምስት መኪና ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔን እንግዲህ ያውቁኛል። በዚህ ከተማ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ መርዶ ሲነገር ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ። የእድሩ ሰብሳቢ ባስልኤል «ፅጌ፣ አንቺ ካልመጣሽ አይሆንም» እያለ ስንት ንጋት ከአልጋዬ አስነስቶኛል! ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ክንድ እንደሚይዝ፣ ቢላና ብርጭቆውን ከአጠገብ ማን እንደሚያነሳ ሥራ የማከፋፍለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ዘነቡ ሞታለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እንደ እናት ያሳደገችኝ እህቴ ከሞተች አሥራ ሰባት ቀን ሆኗት ነበር።

እርስዎን ከሁሉም ኋላ አየሁዎት። ደጃፍ ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ከግሪክ ያመጣሁልዎ የማር ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስምዎንም ጽፌበት ነበር። ቢላውንና ብርጭቆውን ያነሱት ሴቶች እሱን ረስተውታል። ግንባርዎን ስቼ ግድግዳውን በመምታቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ማሩ ከግድግዳው አልለቅ ብሎ ጉንዳን ወርሮኛል።

ያን ጠዋት እየጮህኩ የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። አሁን ቀስ ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ሐሙስ ሰኔ 6 ቀን በመኪናዎ ኤርፖርት ሲያደርሱኝ ዘነቡ መሞቷን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ሌላ ነገር ከእርስዎ አልፈልግም።

ሳላውቅ የኖርኩትንም ይስሙ። አላሜዳ ከተማ ስድስት ዓመት ያስታመምኳትን ግሪካዊቷን አሮጊት፣ ማሪጎን ያስታውሷታል። ስለ ተወለደችባት ደሴት ስታወራኝ ኖራ ጥር ላይ አረፈች። ልጇ «ቤቱ ባዶውን ነው፤ ሂጂና እረፊበት» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ሥራ ስሠራ ለእረፍት ወጥቼ አላውቅም። ቢበዛ አዲስ አበባ ነው የምሄደው፤ እሱም ሻንጣ እየጎተቱ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት መዞር ነው። «እህቷ ታማ እሷ ሽርሽር ወጣች» እንዳልባል ጉዞዬን የነገርኩት ለልጄ ለምሥጢርና ለእርስዎ ብቻ ነው። እድሩ አያውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን አያውቅም። አምኜዎት ነበር።

የደሴቷን ስም አልጽፍልዎትም፤ አይገባዎትም። መርከብ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። መንገዱ ሁሉ ደረጃ ስለሆነ መኪና ከወደቡ አያልፍም። ዳቦ ጋጋሪው ሱቁን የሚከፍተው ሲነቃ ነው፤ ካልነቃም ሰዉ በሩ ላይ ተቀምጦ እያወራ ይጠብቀዋል እንጂ ማንም አይቆጣም። በሦስተኛው ቀን ሰዓቴን አወለቅሁ። ጠዋት ባሕር፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ሲመሽ ዓሣ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ገባሁ። ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብቻ ነው። እዚያ ወጥቼ ለቤተሰቡ ግሩፕ ፎቶ ላክሁ፤ ሰማያዊ ባርኔጣ አድርጌ ባሕር ውስጥ ስስቅ።

ያንን ፎቶ አዲስ አበባ በዘነቡ ቤት፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አዩት። እኔ የሌለሁበት ሌላ ግሩፕ ተከፍቶ እዚያ ይላቀሳሉ፤ እኔ ባለሁበት «ደስ ይበልሽ» ብለው ይጽፉልኛል። ከእንግዲህ ያንን ባሕር ባሰብኩ ቁጥር የማየው ራሴን ሳይሆን እየቀለዳችሁብኝ የተቀመጣችሁትን እናንተን ነው።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ፅጌረዳ

*

ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፅጌረዳ
ኦክላንድ

ሐዘንተኛን ማጽናናት የሚያውቅበት አምላክ ያጽናሽ። የዘነቡን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እኔ ባትጠይቂኝም ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ያስጮኸኛል።

ከመቼ ወዲህ ነው «አቶ አክሊሉ» የሆንኩት? የአንቺና የእኔ እናቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ አሜሪካ ስትመጪ ኤርፖርት የተቀበልኩሽ፣ ሳሎኔን ለቅቄ ሁለት ዓመት ያኖርኩሽ እኔ ነኝ። ያኔ «ጋሽዬ» ነበርኩ፤ «አንተ» ነበርኩ። አሁን እንደ ባንክ ሠራተኛ «እርስዎ» ትይኛለሽ። ጠርሙሱ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ሐሙስ አድርሼሽ ተመለስኩ። ዓርብ ጠዋት የዘነቡ ልጅ ወንጌላዊት ደውላ አረዳችኝ። ለባስልኤል ነገርኩት። ሰዎቹ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ሰው በማታውቅበት አገር ብቻዋን ላለች ሴት በስልክ መርዶ አይነገርም ተባለ። ወድቃ ብትቀር ማን ያነሳታል? ስትመለስ፣ በቤቷ፣ ሰው በዙሪያዋ ሆኖ ይነገራት ተባለ። ለምሥጢርም ያልነገርናት አላስችል ብሏት ስልክ ታነሳለች ብለን ነው። አንቺ እዚያ ስብሰባ ላይ ብትኖሪ ሌላ ትወስኚ ነበር? እስቲ እውነቱን ተናገሪ። ይህን ሥርዓት እዚህ አገር ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?

በፎቶው ማንም አልቀለደብሽም። ወንጌላዊት እንዳለችኝ አንድ ሽማግሌ አይተውት «ተዉአት፣ ትሳቅ፤ ቀኑ ይመጣባታል» ብለው ስልኩን ደፍተው አስቀመጡት።

አርባዋ ሐምሌ 14 እሑድ ነው። ድፎ ዳቦውን እኔ አስጋግሬ አመጣለሁ። ብሎኩን አንሺልኝና በድምፅ እንነጋገር። በዚህ በአሜሪካ ከእኔ፣ ከአንቺና ከምሥጢር ሌላ የቀረ ሥጋ ዘመድ የለንም።

ጋሽሽ አክሊሉ

*

ኦክላንድ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ አክሊሉ
ሳን ሆዜ

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ወንጌላዊትን ስልክ ላይ ይዤ ነው።

«ወንጌዬ፣ ጋሼ አክሊሉ ጋ መቼ ደወልሽ?» አልኳት። ልጅቷ መዋሸት ሰልችቷታል። «ረቡዕ ማታ፤ እማዬ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ። እናንተ ጋ ጠዋት ነበር» አለችኝ። አዲስ አበባ ረቡዕ ሲመሽ ሳን ሆዜ ረቡዕ ጠዋት ነው። ኤርፖርት ያደረሱኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ ዓርብ የሚሉት ከየትኛው የቀን መቁጠሪያ የተገኘ ዓርብ ነው?

ስለዚህ ያን ቀን መኪናዎ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እርስዎ፣ እኔና ዘነቡ። ከቤቴ እስከ ሳን ማቴዮ ድልድይ፣ ከድልድዩ እስከ ኤርፖርቱ። ስለ ባሕር ዳር ጫማዬ ስቀባጥር እየሰሙ ነዱ። «ለዘነቡ ከግሪክ ምን ላምጣላት?» ብዬ ጠየቅሁዎት። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ምንም አያስፈልጋትም» አሉኝ። እንዴት ከአፍዎ ወጣ?

ባስልኤልን እረዳዋለሁ። ባዳ ነው፤ የእድር ሥራውን ሠራ። ወንጌላዊት ልጅ ናት፤ ያዘዟትን አለች። እርስዎ ግን ዘመዴ ነዎት። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጽሑፍ ስጠይቅዎት፣ ሰው ሞቶ፣ «ዓርብ» ብለው ጻፉልኝ። አንዱን ውሸት ለማዳን ሌላ ውሸት በፖስታ ላኩልኝ፤ ቴምብር ለጥፈውበት።

ምሥጢር ደብዳቤዎን ሳነብላት ምን አለች መሰለዎት? «ማም፣ ሂ ላይድ ትዋይስ።» አማርኛዋ የተሰበረ ቢሆንም ሁለቴ መዋሸትዎን መቁጠር አልጠፋትም።

ዳቦዎን እዚያው ይብሉት።

ፅጌረዳ

*

ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፅጌረዳ

ለአንቺም ለእኔም ልቦና ይስጠን።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ነው የሰማሁት። ዓርብ ያልኩት ፈርቼሽ ነው። የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ታናሹን ፈርቶ ዋሸ፤ ከዚህ የባሰ ውርደት ካለ ጨምሪልኝ።

ግን ስለ አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁን ስሚኝ። በ1990 ዓ.ም. አንቺ ገና ሳትመጪ ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ስምሪት በሬዲዮ ነው የሚነገረን። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ከኦክላንድ ፍሪሞንት ይዤ ስሄድ ሬዲዮው ስሜን ጠራ። ስምሪት ላይ ያለው ልጅ ክፋት የለውም፤ የእኛን ወግ ከየት ያውቃል? «አክሊሉ፣ ዩር ብራዘር ኮልድ። ዩር ማዘር ዳይድ። ሶሪ፣ ማን» አለኝ። የእናቴን ሞት በነገረኝ በዚያው አፉ ለሌላው ሾፌር አድራሻ መስጠት ቀጠለ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ «ኤቭሪሲንግ ኦኬ?» አለኝ። «የስ ሰር» አልኩት። ፍሪሞንት አደረስኩት። ሻንጣውን አወረድኩለት። ቲፕ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ፤ «ታንክ ዩ» አልኩ። ፅጌ፣ ለእናቴ ከዚያ በኋላ ሰው እንደሚያለቅሰው አላለቀስኩም። ለቅሶው መንገድ ላይ ቀረ። ሰዎች ቤቴ ሲመጡ እኔ ደርቄ ቁጭ ብዬ ሻይ አቀርብላቸው ነበር።

ለአንቺስ የት ልንገርሽ? ድልድዩ ላይ? ወይስ ሻንጣ በሚወርድበት፣ ፖሊሱ «ሙቭ፣ ሙቭ» እያለ በሚያባርርበት? ቀብሩ እንደሆነ አልፏል፤ እዚህ ሐሙስ ሳይነጋ እዚያ ተቀብራለች። ብነግርሽ የምትደርሺው ለተነሳ ድንኳን ነው። በሌላ በኩል ሃያ አምስት ዓመት የሰው ሽማግሌ ስታነሺና ስታስተኚ የኖርሽ ሴት፣ በሕይወትሽ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሰጥተውሽ፣ ሻንጣሽን ዘግተሽ ደጅ ቆመሻል። መሪዬን ይዤ አሰብኩ። ዘነቡ የትም አትሄድም፤ ይቺ ግን ዛሬ ካልሄደች መቼም አትሄድም አልኩ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ይኸው ነው።

እሑድ ለአርባዋ እመጣለሁ። አትምጣ ብትይም እመጣለሁ። ለዘነቡ እንጂ ለአንቺ አይደለም የምመጣው።

አክሊሉ

*

ኦክላንድ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክሊሉ፣

«እርስዎ» መባል አስከፋኝ ብለሃልና ትቼዋለሁ። ከአሁን ወዲያ አንተ ነህ፤ አንተ ውሸታም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፉ ሥር ድፎውን ታቅፈህ ስትቆም አይቼሃለሁ። ዲያቆኑን «ዳቦውን መልስለት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ እያየ መመለሱን ደግሞ ሆን ብዬ ነው። ባስልኤል መጥቶ «ፅጌ፣ በአርባ ቀን እንዲህ አይደረግም» አለኝ። «በአርባ ቀን የማይደረገውን እናንተ በመጀመሪያው ቀን አድርጋችሁታል» አልኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ስለ እናትህ የጻፍከውን አነበብኩ። አሳዝኖኛል፤ አልዋሽም። ግን አንተ መንገድ ላይ ስለ ነገሩህ እኔ ጨርሶ እንዳይነገረኝ ትፈርዳለህ? ማን ሾመህ? «ዛሬ ካልሄደች መቼም አትሄድም» አልክ። ልኂድ፣ ልቅር የምወስነው እኔ ነኝ! የእህቴ ሞት የእኔ ነው፤ የእኔን ሞት ኪስህ ውስጥ ከተህ፣ ሻንጣዬን አወረድክልኝ፣ ግንባሬን ሳምከኝ፣ «በሰላም ተመለሺ» አልከኝ። አሥራ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ፤ አሁን እያንዳንዱ ቀን ተራ በተራ እየመጣ ይገርፈኛል። ያ ዓሣ ይገርፈኛል። ያ ባርኔጣ ይገርፈኛል።

እኔ ብሆን እነግርህ ነበር። መኪናውን ዳር አቁሜ፣ እጅህን ይዤ እነግርህ ነበር። ይህን ሥራ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ከሰው ፊት ላይ ሞትን ማንበብ እችላለሁ፤ መቼ እንደሚነገር፣ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። አንተ የማታውቀው ነገር ውስጥ ገባህ።

ሰማንያዋ ላይ እንዳላይህ። እኔም የሞትኩ ቀን ሬሳዬን እንዳትከተል ለምሥጢር ነግሬያታለሁ። የእናቶቻችንን ዝምድና እዚህ ላይ ጨርሰነዋል።

ፅጌረዳ

*

ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፅጌረዳ፣

ዛሬ ምርቃት የለም። ብፈልገውም አፌ ላይ አልመጣ አለ።

ዳቦውን ያስጋገርኩት የሞተች እህቷን እያሰበች ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ባደረችው ጎረቤቴ በሂወት ነው። ወደ ቤት ይዤው ስመለስ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አስሬለት ነበር። በእኔ ላይ ያደረግሽውን እችላለሁ፤ በዘነቡ ስም የተጋገረ ዳቦ መመለስሽን ግን አልረሳውም።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። አንቺው በእጅሽ የጻፍሽውን ልድገምልሽ። «ከሰው ፊት ላይ ሞትን ማንበብ እችላለሁ።» አዎ፣ ትችያለሽ! በዚህ አገር ካለ ሰው ሁሉ የምትችዪው አንቺ ነሽ!

ታዲያ ያን ሐሙስ ምን ነካሽ? በሰኔ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሼ መጣሁ። የመኪናዬ ሬዲዮ ከማን ጋርም ስሄድ ተዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ዘጋሁት። «እህል ቀምሰሻል?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ፤ ሙዝ ገዝቼ እጅሽ ላይ አስቀመጥኩ። ሰው መርዶ ሊያረዳ ሲሄድ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለፓርኪንግ ሳንቲም አውጥቼ የማላውቅ ሰው፣ መኪናዬን አቁሜ፣ ከፍዬ፣ እስከ ውስጥ ድረስ ሸኘሁሽ። ሾፌር ነኝ እንጂ ተዋናይ አይደለሁም፤ ፊቴ ሁሉን ነገር እያወጣው ነበር።

ድልድዩ ላይ ዞር ብለሽ አየሽኝ። ረጅም አየሽኝ። «ለዘነቡ ምን ላምጣላት?» አልሽ። «ምንም አያስፈልጋትም» አልኩሽ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።  በቃ አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ጋሽዬ፣ ዘነቡ ደህና ናት?» ብትዪኝ እዋሽሽ ነበር መሰለሽ? በእናቴ አጥንት፣ መኪናውን ከድልድዩ አውርጄ አቆም ነበር። አንቺ ግን መስኮቱን ከፈትሽና ስለ ጫማሽ ማውራት ጀመርሽ።

ለምን አልጠየቅሽኝም?

ኦክላንድን በሙሉ ከስሰሽ፣ አዲስ አበባን በሙሉ ከስሰሽ፣ ሽማግሌ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አዋርደሽ፣ አንድ ሰው ብቻ ሳትከስሺ ቀርተሻል። ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው። ብትመልሺም ባትመልሺም አልጠብቅም።

አክሊሉ

*

ኦክላንድ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

እንደምን አለህ? ጉልበትህስ? አሁን ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ከቆሻሻው አውጥቼ በፕላስተር አጣበቅሁት። እንደዚያ ተጣብቆ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ከረመ፤ ጾሙን በሙሉ አጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ስሳደብ ሰነበትኩ። በአንተ ላይ ነው ስል ነበር፤ በአንተ ላይ ግን አልነበረም።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ምሥጢር ደብዳቤህ ፊት ቆማ፣ እየተንተባተበች፣ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዞር ብላ «ማም፣ ዩ ኒው፣ ራይት?» አለችኝ። ቁጣ እንኳ የላትም፤ ታውቂ አልነበር ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ጮህኩባት። «ጋሼ አክሊሉን ደግፈሽ ነው» አልኳት። ክፍሏ ገባች። እኔ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

አውቄ ነበር፣ ጋሽዬ። ኮትህን ሳይ ጠረጠርኩ። ሙዙን እጄ ላይ ስታስቀምጥ ሳልልጠው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስለ ዘነቡ የጠየቅሁህም ለማወቅ ነው፤ «ምንም አያስፈልጋትም» ስትለኝ አወቅሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ተውኩት። ከጠየቅሁህ ትነግረኛለህ፤ ከነገርከኝ እመለሳለሁ። መመለስ አልፈለግሁም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሳላነሳ፣ ሰው ሳላስተኛ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራኝ መዋል ፈለግሁ። እህቴን በዚያ ለወጥኳት።

ሌላም ውሸት ጽፌልሃለሁ። ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው ያልኩህ ሐሰት ነው። ማሪጎ ቤት በረንዳ ላይም ይሠራል። የደረስኩ ዕለት ከዚያው ከበረንዳው ደወልኩ፤ ወንጌላዊት አነሳች። ድምፅዋ ተዘግቷል። «እማዬ ጠበል ሄዳለች» አለችኝ። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ስላት «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች። ጠበልና ጉንፋን! ያንን መልስ እኔ ራሴ ለስንት ሐዘንተኛ ቤት አስጠንቼዋለሁ። «በሉ ደህና ሁኑ፤ እዚህ ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን አጥፍቼ በማሪጎ የልብስ ሣጥን ከተትኩት። ያወጣሁት ለዚያች ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶዋን የላክሁት አንድ ሰው «አታፍሪም? እህትሽ ሞታለች እኮ!» ብሎ እንዲሰድበኝ ይመስለኛል። ማንም አልሰደበኝም። ደስ ይበልሽ አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ውሃው ደስ ይል ነበር፣ ጋሽዬ። ልጥላው ብዬ ሁለት ወር ታገልኩ፤ አሁንም ደስ ይላል።

ጎረቤቴ ካሊዮፒ የምትባል ጥቁር የማታወልቅ መበለት ነበረች። በቋንቋ አንግባባም፤ እንቁላል ታመጣልኛለች፤ አብረን ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። ካህኑ የሚጠራውን ስም የሚጽፉበት ነው። መሐሉን በመስመር ከፈለችውና በአንዱ በኩል መስቀል ሣለች፣ ወደ መሬት አመለከተችኝ። በሌላው በኩል ደግሞ የእጇን የደም ሥር ይዛ እያሳየች «እነዚህ በሕይወት ያሉት» እንደማለት አደረገች። በሕይወት ካሉት ጋር ምሥጢርን ጻፍኩ። አንተንም ጻፍኩ። ከዚያ እርሳሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ዘነቡን መስቀሉ ካለበት በኩል ጻፍኩ።

ማንም ሳይነግረኝ፣ በራሴ እጅ፣ ከሙታን ጋር ጻፍኳት። ካሊዮፒ ወረቀቱን አይታ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ ባሕር ወረድኩ።

ለዚህ ነው ያን ጠዋት አምስቱን መኪና ሳይ ያላለቀስኩት። ሰዉ እንዳለቀስኩ መሰለው፤ የጮህኩት ግን በአንተ ላይ ነው። አንተን ስሰድብ፣ ጠርሙስ ስወረውር፣ ወረቀት ስጨርስ ለእህቴ አንድ እንባ አላፈሰስኩም። የአንተ ለቅሶ ፍሪሞንት መንገድ ላይ ቀረ፤ የእኔ ድልድዩ ላይ ቀርቷል። ዳቦውን ስለ መመለሴ ይቅር በለኝ ማለት አፍራለሁና አልልህም። ለሂወትም ራሴ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

ትናንት ግድግዳውን በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ጉንዳኑ ሄዷል።

የሰማንያዋን ጸሎት እሑድ ቤተ ክርስቲያን እናደርሳለን። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ና። ባስልኤልን አታምጣው፤ መኪና አታስከትል። ጥቁሩን ኮትህን ልበስ። ምሥጢርን ክንዴን እንድትይዝ ነግሬያታለሁ፤ እንዴት እንደሚያዝም አሳይቻታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ምንም አይኖርም።

አንኳኳ። ስከፍትልህ «ጋሽዬ፣ ዘነቡ ደህና ናት?» ብዬ እጠይቅሃለሁ። አንተም ንገረኝ።

እህትህ ፅጌ